ለቤት ኮምፒውተር የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ከፕሮግራሙ በፊት ፋይሉን ማየት

የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ለመምረጥ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የፕሮግራሞችን ስም ደርድሮ የትኛው ብዙ ኢፌክት፣ ብዙ ትራንዚሽንና ብዙ የጽሑፍ አብነት እንዳለው በማነጻጸር ነው። ይህ አካሄድ ለስቱዲዮ ያገለግል ይሆናል፤ ስቱዲዮ ፕሮግራሙን ከመረጠ በኋላ ለእርሱ የሚመጥን ኮምፒውተር መግዛት ይችላልና። በቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ተገዝቷል፣ ቪዲዮውም በስልክ ወይም በአነስተኛ ካሜራ ተቀርጿል፤ የቀረው ሁለቱን የሚያስማማ ፕሮግራም ማግኘት ነው። በዚህ ምክንያት ዳቪንቺ ሪዞልቭን፣ ኬደንላይቭን፣ ሾትከትን፣ አይሙቪን፣ ፋይናል ከት ፕሮንና ፕሪሚየር ፕሮን፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ ሰው የሚያውቃቸውን ቀላል ፕሮግራሞች የመዘንኩት በሁለት ጥያቄዎች ነው። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ በእጃችን ያለውን ፋይል በእጃችን ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳይቆራረጥ ማጫወት መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዛሬ የሠራነውን ሥራ ከዓመታት በኋላ ተመልሰን መክፈትና ማረም መቻላችን ነው። የቀረው ሁሉ፣ ኢፌክቱም ጌጡም፣ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ስልኮችና አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች ቪዲዮን የሚያስቀምጡት እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች.264 ወይም በ2013 በወጣውና ኤችኢቪሲ በመባልም በሚታወቀው ኤች.265 ነው። ሁለቱም ኮዴኮች፣ ማለትም ቪዲዮን አምቀው የሚያስቀምጡ ዘዴዎች፣ የፋይሉን መጠን የሚቀንሱት በአንድ ብልሃት ነው። አንድ ምስል ሙሉ በሙሉ ያስቀምጡና ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት በርካታ ፍሬሞች (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አያስቸግርም፤ ኮምፒውተሩ ፍሬሞቹን በተራቸው እየፈታ ይቀጥላል። የሚያቀናብር ሰው ግን ወደፊትና ወደኋላ ይላል፣ መሃል ላይ ይቆርጣል፣ ሁለት ሦስት ክሊፖችን ደራርቦ በአንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። የዕለት ወጪና ገቢ ብቻ የተጻፈበት የሱቅ መዝገብ ላይ የአንድን ቀን ቀሪ ሒሳብ ለማወቅ ካለፈው ቆጠራ ጀምሮ እየደመሩ መምጣት ግድ እንደሚሆን ሁሉ፣ ፕሮግራሙም አንድን ፍሬም ለማሳየት ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ምስል ማግኘትና ከዚያ በኋላ ያሉትን ለውጦች አንድ በአንድ መደመር አለበት። በአንድ ማጫወቻ ላይ ያለችግር የሚታይ ቪዲዮ ክሊፖች በተራ በሚደረደሩበት ታይምላይን ላይ ሲገባ የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ሳይሆን የፋይሉ ጠባይ ነው።

ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ይህን ሸክም የሚያቃልሉት በፕሮሰሰሩ ወይም በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተሠራ ክፍል ነው። እንዲህ ያለው የኢንቴል ክፍል፣ ክዊክ ሲንክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኤች.264ን ሲያስተናግድ ቆይቷል፤ ቀለምን በበለጠ ዝርዝር የሚይዘውን 10 ቢት ኤች.265ን ደግሞ ከ7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ወዲህ ይፈታል። እዚህ ላይ ገዥ ሊያስተውለው የሚገባ ዝርዝር አለ። ስማቸው በ«ኤፍ» ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣዊ ግራፊክስ ስለሌላቸው ክዊክ ሲንክም የላቸውም። ሌላም አለ፤ ከፍ ያሉ ካሜራዎች ቀለምን በ10 ቢትና 4:2:2 በሚባለው አደረጃጀት ሲቀርጹ፣ ይህን ዓይነት ቪዲዮ የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2025 እስከ ወጣው የ50 ተከታታይ ድረስ በሃርድዌር አይፈቱትም ነበር። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣዊ ግራፊክስ ግን ይህንኑ በኤች.265 የተቀመጠ ሲሆን ይፈታዋል። ውድ ግራፊክስ ካርድ የገጠመ ሰው ካሜራው የሰጠውን ፋይል ማጫወት ሲያቅተው፣ ተራ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው ያለ ችግር ሲያጫውተው ቢታይ ሊገርም አይገባም። ስለዚህ ፕሮግራም ከማውረድ በፊት ቀድሞ የሚሠራው ሥራ የራስን ፋይል ባሕርይ መመልከት ነው፤ ኮዴኩን፣ የምስሉን ስፋት፣ ቢቱንና በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንዳለው ማወቅ። ሚዲያኢንፎ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል።

በስልክ ለሚቀርጽ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ ቋሚ የፍሬም ብዛት አይጠብቁም፤ ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲግል ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች በመሠረቱ የተሠሩት ለቋሚ ፍጥነት ስለሆነ፣ ቪዲዮው እየረዘመ ሲሄድ ድምፁና የተናጋሪው ከንፈር ይለያያሉ። አንድ የግምገማ ነጥብ አድርጌ የያዝኩትም ፕሮግራሙ ይህን አውቆ ለተጠቃሚው መናገር መቻሉን ነው። ሾትከት እንዲህ ያለ ፋይል ሲገባለት ወዲያውኑ ያስጠነቅቃል፣ ለማቀናበር ወደሚመች ፋይል ልቀይረው ወይ ብሎም ይጠይቃል። ኬደንላይቭም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለው። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ለጀማሪ ከመቶ ትራንዚሽን የበለጠ ዋጋ ያለው ነው፤ ድምፁ ለምን እንደሚያፈነግጥ ሳያውቅ ክሊፑን በእጁ እየቆራረጠ ሊያስተካክል የሚታገል ሰው ጥቂት አይደለምና። ማስጠንቀቂያ የማይሰጥ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ መቀየሪያ ፋይሉን አስቀድሞ ወደ ቋሚ ፍጥነት ቢያዞረው ችግሩ ከምንጩ ይቀረፋል።

ወደ ፕሮግራሞቹ ስመጣ፣ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ዳቪንቺ በመጀመሪያ የፊልምና የቴሌቪዥን ቀለም ለማረም የሚያገለግል በጣም ውድ መሣሪያ ነበር። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2009 መሣሪያውን የሚሠራውን ኩባንያ ገዛው፤ በኋላም በ2014 የልዩ ምስል ፕሮግራሙን ፊውዥንን፣ በ2016 የድምፅ ሥራውን ፌርላይትን ጨምሮ፣ ቀለምን፣ ልዩ ምስልን፣ ድምፅንና መቁረጥን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አዋሐደ። የዚህ ታሪክ አሻራ ዛሬም በግልጽ ይታያል። ፕሮግራሙ በገጾች የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገጽ ለአንድ ሙያ የተሠራ ነው። የቀለም ገጹ ከሁሉም የላቀ ነው፤ በዚህ ግምገማ ውስጥ ካሉት ፕሮግራሞች አንዱም አይስተካከለውም። በደብዛዛ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ፊት ጤናማ ቀለሙን እንዲያገኝ፣ ወይም በሁለት የተለያዩ ስልኮች የተቀረጹ ክሊፖች አንድ እንዲመስሉ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን ፈጥኖ ያየዋል።

ነጻው እትም በቁንጽል የቀረበ ሙከራ አይደለም። የጊዜ ገደብ የለውም፣ በተጠናቀቀው ቪዲዮ ላይ ዋተርማርክ (የአምራቹን ምልክት) አያትምም፣ እስከ 3840 በ2160 ስፋትና በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም ድረስ ያወጣል። ስቱዲዮ ተብሎ የሚጠራው የተከፈለበት እትም የሚጨምረው በዋናነት የምስል ሻካራነት ማጥሪያን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎችን፣ ከአንድ በላይ ግራፊክስ ካርድ የመጠቀም ችሎታንና የተሻለ የሃርድዌር ድጋፍን ነው። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ እስካሁን ድረስ አዳዲስ እትሞች ለገዢዎቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲደርሱ ቆይተዋል። ለቤት ሥራ ነጻው እትም ይበቃል የሚለውን አስተያየት በአመዛኙ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ሳልጠቅስ አላልፍም። በዊንዶውስ ላይ ነጻው እትም 10 ቢት 4:2:2 የሆነ ኤች.265 ቪዲዮን አይቀበልም፤ እንዲህ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው ወይ ስቱዲዮን መግዛት ወይ ፋይሉን አስቀድሞ መቀየር ይኖርበታል። በሊነክስ ላይ ደግሞ ነጻው እትም ኤች.264ንና ኤች.265ን ሳይከፍት የኖረ ነው፤ ኤኤሲ የተባለው የድምፅ ኮዴክም በዚያው ሥርዓት ላይ ችግር ሲፈጥር ቆይቷል። ስለሆነም የሊነክስ ተጠቃሚ የሆነና በስልክ የሚቀርጽ ሰው ይህን ፕሮግራም ከመምረጡ በፊት አንድ የራሱን ክሊፕ አስገብቶ መሞከር አለበት።

የሪዞልቭ ትልቁ ጉድለት ለኮምፒውተር አቅም ያለው ስስት ነው። አምራቹ ራሱ 16 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ፊውዥንን ለሚጠቀም ሰው ደግሞ 32 ጊጋባይት ይመክራል። ከዚህ በላይ ግን ሥራውን ሁሉ የሚጭነው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሆነ፣ የካርዱ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ያነሰ እንደሆነ መሃል ላይ ማኅደረ ትውስታ አልቋል የሚል መልእክት አሳይቶ ይቆማል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራሙ ሊከፈት ይችላል፤ መከፈት ግን መሥራት አይደለም። ይህን በአጽንዖት የምናገረው፣ «ነጻና ከሁሉም የሚበልጥ» የሚለውን ምክር ሰምተው ለሚያወርዱት፣ ሲንቀራፈፍባቸው ደግሞ ቪዲዮ ማቀናበር ለእነርሱ የማይሆን ሥራ ነው ብለው ለሚተዉት ሰዎች ስለማዝን ነው። አቅሙ ጎድሎ የተገኘው ኮምፒውተሩ ነው፤ ለዚያ ኮምፒውተር የሚመጥን ፕሮግራምም አለ።

አቅሙ ውስን ለሆነ ኮምፒውተር የምመርጠው ኬደንላይቭን ወይም ሾትከትን ነው። ሁለቱም ክፍት ምንጭ ናቸው፤ ሁለቱም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊነክስ ላይ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ኤምኤልቲ በሚባል አንድ ሞተር ላይ የተገነቡ ናቸው። ኬደንላይቭ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረና ዛሬ ኬዲኢ በተባለው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ ገጽታው ለታወቁት ትላልቅ ፕሮግራሞች የቀረበ ነው። ክሊፖች የሚቀመጡበት ሳጥን፣ ሁለት መመልከቻዎችና ከታች ባለብዙ ትራክ ታይምላይን አለው። ሾትከት ግን መጀመሪያ ሲከፈት ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ታይምላይኑ እንኳ ተጠርቶ ካልሆነ አይታይም፣ ማጣሪያዎቹም አንድ በአንድ እየተጨመሩ የሚሠራባቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የታገሠ ሰው ግን ሾትከት የሚፈጽመው ሥራ ግልጽና ቀጥተኛ መሆኑን ይገነዘባል። እኔ በሁለቱ መካከል መምረጥ ካለብኝ፣ ብዙ ትራክ ለሚያስፈልገው ረጅም ሥራ ኬደንላይቭን፣ ለአጭርና ፈጣን ሥራ ሾትከትን እወስዳለሁ።

እነዚህ ፕሮግራሞች አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ እንዲራመዱ የሚያደርጋቸው ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት ፕሮግራሙ ከዋናው ክሊፕ የሚያዘጋጀው አነስ ያለና ለመፍታት የቀለለ ቅጂ ነው። ሰውየው ሲቆርጥና ሲያስተካክል የሚያየው ቅጂውን ሲሆን፣ በመጨረሻ ቪዲዮው ሲወጣ ፕሮግራሙ ተመልሶ ዋናውን ይጠቀማል፤ የጥራት መቀነስ የለም። ኬደንላይቭ ከተወሰነ ስፋት በላይ ለሆነ ክሊፕ ሁሉ ፕሮክሲ በራሱ እንዲያዘጋጅ ማዘዝ ይቻላል። ሾትከትም ይህን ያደርጋል፤ በተጨማሪም መመልከቻውን ወደ 360 ወይም 540 መስመር ዝቅ አድርጎ ማሳየት ይችላል። የዚህን ጥቅም ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል፦ አንድ የ4ኬ (3840 በ2160) ፍሬም 8,294,400 ነጥቦች ሲኖሩት የ1080ፒ (1920 በ1080) ፍሬም 2,073,600 አለው፤ ልዩነቱ በትክክል አራት እጥፍ ነው። እርግጥ ሪዞልቭም፣ ፕሪሚየርም፣ ፋይናል ከትም ፕሮክሲ ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን ራሳቸው ፕሮግራሞቹ ከባድ በመሆናቸው ደካማ ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው እፎይታ ያን ያህል አይደለም። ጉድለታቸውንም አልሸሽግም። የኤምኤልቲ ፕሮግራሞች የቀለም ማረሚያቸው ከሪዞልቭ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ኢፌክት ሲደራረብ መመልከቻው ይዘገያል፣ ኬደንላይቭም በትላልቅ ሥራዎች ላይ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በራሱ እየቆጠበ የሚያስቀምጠው ቅጂ ቢኖርም፣ እጅ ወደ ማስቀመጫው ቁልፍ መሄድን መልመድ አለበት።

ማክ ላለው ሰው ምርጫው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው አይሙቪ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ 4ኬ የሚያወጣና በአነስተኛ ማክ ላይ እንኳ የሚፈጥን ነው። ገደቡ አንድ ዋና የቪዲዮ መስመርና በላዩ ላይ የሚደረብ አንድ መስመር ብቻ መኖሩ ነው፤ ለቤተሰብ ዝግጅት ወይም ለአንድ ተናጋሪ ቪዲዮ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሲጠብ ሥራውን እንዳለ ወደ ፋይናል ከት ፕሮ መላክ ይቻላል፤ ይህ የመሸጋገሪያ መንገድ መኖሩ በጣም የሚያስመሰግነው ነው። ፋይናል ከት በአፕል ፕሮሰሰሮች ላይ ያለው ፍጥነት አስደናቂ ነው፤ በማክ ላይ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን ክሊፖች እየተሳሳቡ ክፍተቱን በራሳቸው የሚዘጉበት ታይምላይኑ ከሌሎች ፕሮግራሞች አሠራር የተለየ በመሆኑ፣ በእርሱ የሠለጠነ እጅ ወደ ሌላ ሲዛወር እንደገና መማር ይኖርበታል፤ ፕሮግራሙም ከአፕል ዕቃዎች ውጭ የለም።

ስለ አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ የምለው አጭር ነው። የመጀመሪያው ፕሪሚየር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ በአሁኑ ይዘቱ በሁሉም ረገድ የተሟላ፣ ትምህርቱ በየትም የሚገኝ፣ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ፋይል እየተለዋወጡ ለመሥራትም የሚመች ነው። ቪዲዮ ማቀናበርን ሙያው ለማድረግ የሚያስብ ሰው ቢማረው ይጠቅመዋል። ለቤት ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲሶቹን የፕሪሚየር ፕሮ እትሞች በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት የራስን ሥራ ከፍቶ ማረም አይቻልም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ለማይጠቀምበት ወር ሁሉ መክፈል የለበትም።

ቀላል ከሚባሉት መካከል በዊንዶውስ 11 ውስጥ ተካትቶ የሚመጣው ክሊፕቻምፕ ለአጭር ሥራ ጥሩ ነው፤ 1080ፒ ቪዲዮ ያለ ዋተርማርክ በነጻ ያወጣል። ፊልሞራ ለመማር ቀላልና አብነቶቹ የበዙ ናቸው፤ ሆኖም ነጻው እትም በተጠናቀቀው ቪዲዮ ላይ ዋተርማርክ ያትማል፣ ይህንም ሰው የሚያየው ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ስለሚሆን ቀድሞ ማወቅ ይገባል። ካፕከት ለስልክ የተሠራ፣ ለአጫጭር ቪዲዮዎች እጅግ ፈጣን የሆነ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በአሜሪካ አገልግሎቱ ለጊዜው ሲቋረጥ ብዙ ተጠቃሚዎች እንዳዩት ግን፣ የፕሮግራሙ መኖርና አለመኖር ከተጠቃሚው ፈቃድ ውጭ በሆነ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይችላል።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይወስደኛል፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚረሳውም እርሱ ነው። የማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚያስቀምጠው የፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮውን በውስጡ አይዝም። የሚይዘው ትእዛዞችን ነው፦ ከዚህ ፎልደር ያለውን ይህን ክሊፕ ከዚህ ሴኮንድ እስከዚህ ሴኮንድ ወስደህ እዚህ ላይ አስቀምጥ የሚል። እነዚህን ትእዛዞች የሚያነበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጻፋቸው ፕሮግራም ብቻ ነው። ሙቪ ሜከር ለብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያው ማቀናበሪያ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ድጋፉን አቋረጠ፣ የተካው ክሊፕቻምፕም የዚያን ፕሮግራም ፕሮጀክቶች አይከፍትም። ፋይናል ከት ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ የቀድሞውን እትም ፕሮጀክቶች አልከፈተም ነበር፤ ባለሙያዎች ሳይቀሩ በዚህ ተጎድተዋል። ትልቅ ኩባንያ መሆን ለዚህ ዋስትና እንዳልሆነ ሁለቱም ያሳያሉ።

በዚህ መስፈርት ክፍት ምንጮቹ ልቀው ይገኛሉ። የኬደንላይቭና የሾትከት የፕሮጀክት ፋይሎች በተራ የጽሑፍ መክፈቻ የሚነበቡ ኤክስኤምኤል ናቸው፤ የክሊፖቹ ፎልደር ቢቀየር እንኳ አድራሻቸውን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። የቆየ እትምን አስቀምጦ በፈለጉት ጊዜ መጫንም አይከለከልም። ሪዞልቭ በተቃራኒው ፕሮጀክቱን ከክሊፖቹ ጎን እንደ ፋይል አያስቀምጥም፤ በራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ይይዘዋል። ኮምፒውተሩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደገና የሚጭን ሰው፣ የቪዲዮ ፎልደሩን ቢያድን እንኳ ፕሮጀክቶቹን ሊያጣ ይችላል። ከቋቱ አስቀድሞ ማውጣት ወይም ክሊፖቹንም ጨምሮ በአንድነት ማኅደር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ ለሁለቱም መንገድ አለው። በአዲስ እትም የተከፈተ ፕሮጀክት ወደ ቀድሞው እትም እንደማይመለስም ማወቅ ተገቢ ነው፤ በሥራ መሃል ማዘመን የማልመክረው ለዚህ ነው።

ስለ ማከማቻ ቦታ ጥቂት ቁጥሮች ልስጥ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነውና። በስልክ በኤች.265 የተቀረጸ የ4ኬ ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲሆን በሰዓት 10 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ይኸው ቪዲዮ ለማቀናበር እንዲመች ፕሮሬስ 422 ወደተባለው የማቀናበሪያ ኮዴክ ቢቀየር፣ በ1080ፒና በሴኮንድ 30 ፍሬም እንኳ በሰዓት 66 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ፋይሉ ሲተልቅ ለኮምፒውተሩ መክበድ ሲገባው የሚቀልለው እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የተሟላ ስለሆነ ነው፤ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚደምረው ነገር የለም። ስለዚህ ለማሻሻል የሚተርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ከተከፈለበት ፕሮግራም በፊት ራም ቢጨምርና ኤስኤስዲ ቢገጥም የበለጠ ይጠቀማል። የመጨረሻው ቪዲዮ በ1080ፒ የሚወጣ ከሆነም፣ ምስሉን ኋላ ለማስጠጋት ካልታሰበ በቀር፣ ከመጀመሪያው በ1080ፒ መቅረጽ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቀልላል።

ድምፅን በሚመለከት፣ ግምገማዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያልፉትም፣ ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል እንጂ የማይሰማ ድምፅን አይታገሥም። ሪዞልቭ ውስጥ ያለው የፌርላይት ገጽ ራሱን የቻለ የድምፅ ስቱዲዮ ነው፤ የድምፁን አማካይ ጉልህነት የሚለካው መሣሪያ ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽና ለመጠቀም ምቹ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሾትከትና ኬደንላይቭ የጉልህነት ማስተካከያ ማጣሪያ አላቸው፤ በአንድ ሰው ንግግር ላይ ለተመሠረተ ቪዲዮ ይበቃሉ። አይሙቪ የጀርባ ጫጫታን የሚቀንስ ቀላል ማንሸራተቻ አለው፤ ከልክ በላይ ሲገፋ ግን የሰውን ድምፅ ከጉድጓድ የወጣ ያስመስለዋል።

በግዕዝ ፊደል ርእስና የግርጌ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰውም አንድ ፈተና አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ፕሮግራሞቹ በመርህ ደረጃ ይቀበሉታል፤ ሆኖም ፕሮግራሙ በራሱ የሚመርጠው ፎንት ፊደሉ ከሌለበት በጽሑፉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ጭኖ በግልጽ መምረጥ ይህን ይፈታል። ያማሩ የጽሑፍ አብነቶችን ተስፋ አድርጎ ፕሮግራም የሚገዛ ሰው ግን አንዱን አብነት በራሱ ፊደል ሞክሮ ማየት አለበት፤ ብዙዎቹ የተነደፉት ለላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ፎንቱ ሲቀየር የቃላቱ ቁመትና ስፋት ከተዘጋጀላቸው ሳጥን ይወጣል።

ሙከራው ራሱ እንዴት ቢደረግ እንደሚሻል ልጨምር። ከእያንዳንዱ አምራች ጋር የሚመጣው ናሙና ቪዲዮ ስለራሳችን ፋይል ምንም አይነግረንም። ከራስ ስልክ ወይም ካሜራ የተወሰዱ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ብርሃን ያነሰበት፣ አንዱ በሌላ ሰው ስልክ የተቀረጸ ክሊፖችን ይዞ፣ በየፕሮግራሙ ላይ ያንኑ አጭር ሥራ መሥራት ይበቃል፦ መቁረጥ፣ ሁለት ምስል መደረብ፣ ርእስ መጻፍ፣ ቀለም ማስተካከል፣ ማውጣት። ከዚያ የወጣውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየትና በተለይ መጨረሻው ላይ ድምፁ ከከንፈር ጋር መግጠሙን መመልከት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ የክሊፖቹን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ፣ ፕሮጀክቱን እንደገና መክፈት ነው። የጠፉትን ክሊፖች ራሱ ፈልጎ የሚያገናኝ፣ ወይም አዲሱን ፎልደር አንድ ጊዜ ሲያሳዩት ሁሉንም በአንድነት የሚያድስ ፕሮግራም ይህን ፈተና አልፏል፤ እያንዳንዱን ክሊፕ ለየብቻ እንድናሳየው የሚያስገድደን ግን ሥራችን ሲበዛ ሊያገለግለን አይችልም።